የትናንት መልክ፣ የዛሬ ዋጋ፦ ድሮን የሚመስል ዕቃ መቼ ሊገዛ ይገባል?

(ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ገለጻ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ የገበያ ጉዳይ ይመስላል፤ በከፊልም ነው። «ሬትሮ» እየተባለ የሚሸጥ፣ ያለፈን ዘመን መልክ ይዞ ዛሬ የሚመረት ልብስ፣ ጫማ፣ ሸክላና የቤት ዕቃ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሆነን ስናነሣው ግን ከሸመታ ያልፋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ሥራ ፈርሷል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ሰፈር ሲፈርስ ትዝታው ይወደዳል፤ የተወደደ ትዝታ ደግሞ ሻጭ አያጣም። ስለዚህ ምን እየገዛን እንደሆነ ማወቅ ይኖርብናል።

አስቀድሜ ልዩነት ላብጅ። የድሮ ዕቃ ማለት በዘመኑ ተሠርቶ እስከ ዛሬ የቆየው ነው። ሬትሮ ግን አዲስ ነው፤ ከትናንት የወሰደው ነገር አለ። የሚወስደውም ከሦስት አንዱን ወይም ሦስቱንም ነው፦ መልክን፣ አሠራርንና ባለሙያን። መከራከሪያዬ አጭር ነው። መልክን ብቻ የወሰደ ዕቃ ጌጥ ነው፤ አሠራሩን ጠብቆ ባለሙያውን የሚያኖር ዕቃ ግን ዋጋ ሊከፈልበት ይገባል።

ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆነን እዚሁ ቂርቆስ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ሕንፃው በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል በውስጡ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ታድሶ ሲከፈት ሥራው የድሮውን መልክ በአዲስ ዕቃ ማስመሰል አልነበረም። መስታወቱ በሙያተኞች ተጠግኗል፤ የቀድሞዎቹ የቤት ዕቃዎችም ታድሰው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። እድሳቱ የጠየቀው የድሮ ቀለም ብቻ ሳይሆን ቀለሙን፣ መስታወቱንና እንጨቱን የሚያውቅ እጅ ነው።

ይህንኑ መለኪያ ወደ ገበያ እናውጣው። በመጀመሪያ ጫማ። በረባሶ ከመኪና ጎማ የሚቆረጥ፣ አርበኞችም ተጫምተውት የዘመቱ ጫማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ አካባቢ የመሠረተችው ሶልሬብልስ ይህን ሐሳብ ይዞ ለዓለም ገበያ አቀረበው። ያገለገለ ጎማ ሶል ሆነ፤ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅም ላይኛው አካል ሆነ። እዚህ ላይ የተወረሰው የበረባሶ ቅርጽ ብቻ አይደለም። «የተጣለው ያገለግላል» የሚለው አስተሳሰብም ተወርሷል። እንዲህ ያለ ጫማ ስትገዙ ሶሉ በስፌት ይሁን በማጣበቂያ ብቻ መያያዙን ተመልከቱ፤ የተሰፋ ጫማ መልሶ ይሰፋል።

ሁለተኛው የሀገር ልብስ ነው። የጥለት መልክ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከሽመና ሥራ አጠገብ ተሰቅሎ በብዙ እጥፍ ረክሶ ይሸጣል። ከሩቅ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩት፦ በሽመና የገባ ጥለት በጀርባውም ክሩ ይታያል፤ የታተመው ግን በጀርባው ይደበዝዛል። ልዩነቱ የመልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድርና ማጉን የሚያገናኘው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚኖረው በዚያ ክር ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገረውም ልጁ ሙያው እንጀራ እንደሚሆነው ሲያይ ነው።

ሦስተኛው ሸክላ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት እጅ ነበር፤ እርሱ ግን ደፍሮ አሳተመ። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥቶ በ2017 ደግሞ ታትሟል። ዳግም ኅትመት ስትገዙ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሙዚቀኛው ወይም ወራሹ ፈቅዷል? ተከፍሎታል? ፈቃዱ በሽፋኑ ላይ ካልተገለጸ የተሸጠላችሁ የሰው ድካም ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሬትሮ መራጭ ነው፤ ደስ የሚለውን ያነሣል፣ የሚያስከፋውን ይተዋል። የሸክላው ሽፋን አፍሮ ጠጉሩንና ሰፊ ሱሪውን ያሳየናል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን የሰዓት እላፊ አይነግረንም። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም ራሱ በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም የመጣ ነው። ስሙን ከወራሪ ምሕጻረ ቃልነት አውጥቶ የአዝማሪ፣ የምግብ ቤትና የጉርብትና ስም ያደረገው በኋላ የኖረበት ሕዝብ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ፈንድቃ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የአዝማሪ ቤቱን የባህል ማዕከል አድርጎት ነበር፤ ግቢው ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ። ነገ የካዛንቺስን ስም የያዘ ቲሸርት ቢሸጥ ልንገዛው እንችላለን። ማሲንቆ የሚመታበት ቤት፣ ልብስ የሚሰፋበት መደብ፣ እንጨት የሚላግበት ደጅ ግን በቲሸርት አይመለስም። ገንዘባችን መድረስ የሚገባው አዲስ ቦታ ላይ ሥራቸውን እንደገና ለሚጀምሩት ነው።

«ለተማሪ ኪስ ይህ ሁሉ ውድ ነው» የሚል ተቃውሞ እጠብቃለሁ። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የእጅ ሥራ ርካሽ ሊሆን አይችልም፣ ርካሽ ከሆነም የተጎዳ ሰው አለ። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አሥር አስመሳይ ከመግዛት አንድ የሚጠገን መግዛት። ሁለተኛ፣ የድሮውን ራሱን መልበስ። የእናታችሁ ነጠላ፣ የአባታችሁ ኮት፣ ከሰልባጅ የተገኘ ሸሚዝ በሰፈር ልብስ ሰፊ እጅ ቢስተካከል ከማንኛውም ሬትሮ ይበልጣል፤ ልብሱም ይተርፋል፣ ሰፊውም ይሠራል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ከትናንት የወሰደው ምንድን ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው? የምከፍለው ገንዘብ ሙያውን ለያዘው ሰው ይደርሳል? ለሦስቱም መልስ ያለው ዕቃ ይገዛ። መልስ የሌለው በመስኮት ታይቶ ይታለፍ።