የተሰበረ ደቀል በብየዳ አይድንም

ሸራ የሚሰቀልበት የጀልባ ምሰሶ ደቀል ይባላል። ቃሉን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የዚያን ዘመን ደቀል ደግሞ እንጨት ነበር። ዛሬ ግን አብዛኞቹ ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች የሚተክሉት የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ቀላል ነው፣ አይበሰብስም፣ ግን ይሰበራል።

ሌዘር የምትባለውን ጀልባ እንይ። የነደፋት ካናዳዊው ብሩስ ኪርቢ ሲሆን፣ ገበያ የወጣችው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ርዝመቷ 4.2 ሜትር ነው፤ የሚነዳት አንድ ሰው ብቻ ነው። እስካሁን ከ200 ሺህ በላይ ተሠርታለች፤ ከ1996ቱ የአትላንታ ጨዋታ ጀምሮም ኦሊምፒክ ላይ ትወዳደራለች። ደቀሏ ሁለት ቱቦ ነው፤ የላይኛው ታችኛው ውስጥ ይሰካል። ከጎን ወጥሮ የሚይዘው ሽቦ ስለሌለ ነፋስ ሲበረታ እንደ ልምጭ ይጎብጣል። በቅርብ ዓመታት የላይኛው ክፍል ከካርቦንና ከፋይበርግላስ መሠራት ጀምሯል፤ በየባሕር ዳርቻው ያሉት የብዙዎቹ አሮጌ ጀልባዎች ደቀል ግን አሁንም አሉሚኒየም ነው።

የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። የላይኛው ቱቦ ወደ ታችኛው ከልክ በላይ ሰምጦ እንዳይገባ ወገቡ ላይ የፕላስቲክ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱን የሚይዘው አንዲት ሪቬት ናት። ለሪቬቷ የተበሳው ቀዳዳ ጉልበት ከሁሉ በሚበዛበት ቦታ ላይ ይውላል። ብረት መለስተኛ ጫና ሲደጋገምበት እስከ መጨረሻው ሊችል ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን እያንዳንዷን ጎንበስ ቀና ይቆጥራል። ከቀዳዳው ጠርዝ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይነሳል፣ ቀስ በቀስ ይረዝማል፣ አንድ ቀን ነፋሱ ከፍ ሲል ደቀሉ እጥፍ ይላል።

ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አርጎን ብየዳ ነው። እኔ አልመክርም፤ ምክንያቱም የዚህ ቱቦ ጥንካሬ የመጣው ከእሳት ነው፣ እሳትም መልሶ ይወስደዋል። ለደቀል ከሚመረጡት ቅይጦች አንዱ 6061 ነው፤ አሉሚኒየም ውስጥ ጥቂት ማግኒዥየምና ሲሊኮን አለበት። ፋብሪካው እስከ 530 ዲግሪ ገደማ አግሎ በውሃ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ በ175 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ያቆየዋል። በዚህ ጊዜ ማግኒዥየሙና ሲሊኮኑ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ሆነው አሉሚኒየሙን ያጠነክሩታል። በያጁ ሲያቀልጠው ይህ ሁሉ ልፋት ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ይበላሻል። 310 ሜጋፓስካል ይችል የነበረው ቱቦ ወደ 165 ይወርዳል። ስለዚህ ብየዳው ራሱ ያማረ ቢሆንም እንኳ አጠገቡ እንደገና ይሰበራል።

መድኃኒቱ የውስጥ ቱቦ ነው። የተሰበሩት ሁለት ጫፎች በሴጌቶ ቀጥ ብለው ይቆረጣሉ፣ በሞረድ ይስተካከላሉ፤ ውስጣቸው ልክክ ብሎ የሚገባ ሌላ የአሉሚኒየም ቱቦ ይፈለጋል። ከእያንዳንዱ ወገን የደቀሉን ስፋት አራት እጥፍ ያህል ቢገባ ጥሩ ነው፤ 5 ሴንቲሜትር ለሆነ ቱቦ 20 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የውስጡ ቱቦ ጫፍ ድንገት እንዳያልቅ እንደ ጣት ተከፋፍሎ ይሳላል፤ ያለዚያ ጫፉ ባለቀበት ቦታ አዲስ ስብራት ይጠብቀናል። ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ወዲያው ኢፖክሲ ይቀባል። ወዲያው የምለው አሉሚኒየም አየር ሲነካው ሽፋን ስለሚያበጅና ማጣበቂያው በደንብ ስለማይዘው ነው። ሪቬቶቹም አሉሚኒየም ይሁኑ፤ ስቴንለስ ስቲል ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ቀዳዳዎቹ በአንድ ዙር ቀለበት ላይ ከተሰለፉ ቱቦው እዚያው ይቆረጣል፤ እየተዛነፉ ይበሱ። በመጨረሻ ሁሉም በኢፖክሲ ይደፈኑ፤ ውሃ የማያስገባ ደቀል ጀልባዋ ስትገለበጥ ጨርሳ እንዳትደፋ ያግዛታል።

የምወደው ብልሃት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የተጠገነውን ቱቦ ገልብጡት። የተቀጠለው ክፍል ወደ ላይ፣ ነፋስ ብዙም ወደማያጎብጠው ጫፍ ይሄዳል፤ ጤነኛው ጫፍ ወደ ታች ይመጣና ቀለበቱን ይሸከማል። ለቀለበቱ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ግድ ከሆነ ፊቱን ወደ ጀልባዋ ኋላ ያድርግ፤ ደቀሉ ሲጎብጥ የሚለጠጠው የፊቱ ወገን ነው፣ የኋላው ይጨመቃል፣ ስንጥቅ ደግሞ የሚሰፋው በተለጠጠው በኩል ነው።

እንዲህ የተጠገነ ደቀል ለልምምድና ለመዝናኛ አስተማማኝ ነው። ሆኖም ነፋስ የበዛበት ቀን ውሃ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የሪቬቷን ዙሪያ ጠርጋችሁ በብርሃን እዩት፤ ጥቁር መስመር ካለ ዕለቱን አትውጡ።