የማማ ድመት፣ የባባ ጭልፊት፦ አረጋውያን ባሉበት ቤት ለምትሠሪ እህት

ዶሃ ውስጥ አረጋውያን ባሉበት ቤት የምትሠሪ ከሆነ፣ ከሰዎቹ ሌላ የምትንከባከቢው አንድ እንስሳ ሳይኖር አይቀርም። ድመት ሊሆን ይችላል፣ በቀቀን ወይም ጭልፊት ሊሆን ይችላል። ውል ስትፈርሚ ስለ እሱ የነገረሽ ሰው ላይኖር ይችላል። ማማ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ለፈጅር ሲነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ገጥዋዋ በላች ወይ?» ብለው ነው።

እኛ አገር ድመት የምትኖረው አይጥ ስለምትይዝ ነው፤ ውሻም በር ስለሚጠብቅ። አልጋ ላይ የምትተኛ ድመት ስናይ መጀመሪያ ይገርመናል፣ ቀጥሎ ያናድደናል። ነገሩን ከአረጋውያኑ በኩል ካየሽው ግን ይገባሻል። ልጆች አግብተው ወጥተዋል፣ የትዳር ጓደኛ ሞቷል፣ ጉልበት ደክሟል። ቀኑን የሚከፋፍለው ጸሎት፣ ጋህዋ፣ መድኃኒትና የእንስሳው ምግብ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲዛነፍ ቀኑ ሁሉ ይዛነፋል። ስለዚህ ሳህኑን ሁለት ጣት ያህል ብታንቀሳቅሺው እንኳ የሚቆጡት ለዚህ ነው።

የባህልና የሃይማኖት ነገርም አለበት። በእስልምና ድመት ንጹሕ እንስሳ ናት፤ የነቢዩ ባልደረባ የአቡ ሁረይራ ቅጽል ስም እንኳ «የትንሿ ድመት አባት» እንደማለት ነው። ማማ ከራሳቸው ሳህን ቆርሰው ቢሰጧት፣ ወይም ለጎዳና ድመቶች ምግብ ይዘሽ እንድትወጪ ቢያዙሽ አትገረሚ፤ እንደ ምጽዋት ነው የሚያዩት። ውሻ ግን በኳታሮች ቤት ውስጥ ብዙም አይገባም። ፐርል ወይም ዌስት ቤይ አካባቢ የውጭ ዜጎች ቤት የምትሠሪ ከሆነ ነው ይበልጥ የሚያጋጥምሽ።

ድመት ካለች

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው። የወጥ ትራፊ አትስጫት፤ ማማ ሊሰጧት ሲሉም በትሕትና አስታውሻቸው። እንግዳ ይዞት የሚመጣ ሊሊ የሚባል አበባ ደግሞ ኩላሊቷን ይገድላል፤ ድመቷ የማትደርስበት ቦታ አድርጊው።

ወለል በዴቶል ካጸዳሽ ሳይደርቅ አታስገቢያት፤ መዳፏን ስትልስ መርዙ ውስጧ ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽንቷ ላይ በረኪና አታፍሺ። ሽንትና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ አንቺንም ማማንም ሳንባ ላይ ይጎዳል፣ በተለይ በር በተዘጋ መታጠቢያ ቤት። መጀመሪያ በውሃና በሳሙና እጠቢው።

የመጸዳጃ አሸዋዋን በየቀኑ አጽጂ። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው በሽታ ዘር ከሰገራዋ ጋር ወጥቶ ሰው ላይ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል፤ በየቀኑ ሲነሳ አደጋው ይቀንሳል። ጓንት አድርጊ፣ እጅሽንም ታጠቢ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራላት ነው የሚሻለው።

በቀቀን ካለ

እዚህ ካስኮ የሚሉት ግራጫው በቀቀን ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የሞቱትን የባባ ድምፅ እያስመሰለ ማማን የሚጠራ ሊኖር ይችላል፤ ለእሳቸው ያ ወፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የስልክ ጥሪ ያስመስላል፣ ስምሽን በማማ ድምፅ ጠርቶ ያስሮጥሻል። አማርኛም ይለምዳልና አጠገቡ የምትናገሪውን ተጠንቀቂ።

የወፍ ሳንባ ስስ ነው። የማይጣበቅ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚያወጣው ጭስ፣ ሰው ሳያሸተው በቀቀን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። የቡኹርና የዑድ ጭስም ይጎዳዋል። አንቺም ቡና ስትቆዪ፣ ዕጣን ስታጨሺ መጀመሪያ ጎጆውን ከክፍሉ አውጪና በር ዝጊ። አቮካዶም አይቅመስ።

ጭልፊት ካለ

ሰቅር የሚሉት ጭልፊት ለባባ ከወፍ በላይ ነው። በጭልፊት ማደን የኳታር ቅርስ ነው፤ ዩኔስኮም በ2010 እ.ኤ.አ. ኳታርንና ሌሎች አገሮችን ጠቅሶ መዝግቦታል። ሱቅ ዋቂፍ ውስጥ ጭልፊት ብቻ የሚያክም ሆስፒታል አለ። የኳታር አየር መንገድም ጭልፊትን ከባለቤቱ ጋር በመንገደኞች ክፍል ያሳፍራል።

ጭልፊቱን መያዝ ያንቺ ሥራ አይደለም፤ ሰቃር የሚባል አሠልጣኝ ይኖራል፣ ወይም ባባ ራሳቸው ይይዙታል። መጅሊስ ስታጸጂ በድንገት አትሩጪ፣ ምንጣፍ አታራግፊ። ዓይኑ ላይ ያለችውን የቆዳ ቆብ፣ ቡርቁዕ የሚሏትን፣ አትንኪ። በበጋው ሙቀት ላባው ሲረግፍ ያገኘሽውን ላባ ከቆሻሻ ጋር አትጣይ። የተሰበረ ላባ የሚጠገነው በወደቀው ላባ ስለሆነ ብዙዎች ያስቀምጡታል። ሰብስበሽ ስጫቸው፤ ለምን እንደሆነ ማወቅሽ ብቻ ደስ ያሰኛቸዋል።

የማማ ጤና በድመቷ በኩል ሲታይ

ቀኑን ሙሉ አብረሻቸው የምትውይው አንቺ ነሽ። ልጆቻቸው ዓርብ መጥተው የማያዩትን አንቺ ታያለሽ። የሚከተሉትን ካየሽ በቸልታ አትለፊ።

ድመቷን ሦስት ጊዜ አብልተው «ዛሬ ምንም አልበላችም» ካሉ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ ስሟ ከጠፋባቸው፣ የመርሳት ችግር ጅማሬ ሊሆን ይችላል። በድንገት በአንድ ቀን ከመጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ወይም የስኳር መዛባት ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ነው። ድመቷን የረሱ ሰው ኪኒናቸውንም ሊረሱ ወይም ሁለቴ ሊውጡ ይችላሉ፤ መቁጠር ጀምሪ።

ለመመገብ ጎንበስ ሲሉ ከዞረባቸው፣ ሳህኑን ከመሬት አንስተሽ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ድመት እግር ሥር ስለምትሄድ ብዙ አረጋውያን ይወድቃሉ። ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው መንገድ መብራት ይብራ፣ መጫወቻዋም ይነሳ።

ስኳር ላለባቸው ሰዎች የእግር ጭረት ቀላል አይደለም። እግራቸው ስለሚደነዝዝ ቧጭራቸው አይሰማቸውም፤ ቁስሉ ውሎ ሲያድር ይከፋል። እግራቸውን ስታጥቢ ጣቶቹ መሃል ሳይቀር እዪ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ትንሽ ጭረትም ብዙ ሊያደማ ይችላል።

ለልጆቻቸው ለመናገር እነዚህ ቃላት ይበቁሻል፦ «ማማ ታሓት» (ወደቁ)፣ «ፊሃ ዶኻ» (ያዞራቸዋል)፣ «ማ ታክል» (አይበሉም)፣ «ቲንሳ ዋይድ» (በጣም ይረሳሉ)። ወድቀው መነሳት ካቃታቸው ጎትተሽ አታንሺ፤ 999 ደውዪ።

ራስሽንም ጠብቂ

ድመት ወይም ውሻ ከነከሰሽ ወይም ከቧጨረሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይመጣል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ አያድንም፣ ከምልክቱ በፊት የሚሰጥ ክትባት ግን ያድናል። «ትንሽ ነው» ብለሽ አትደብቂ። «ገጥዋ ዓደትኒ» (ድመት ነከሰችኝ) በይና ቁስሉን አሳዪ፤ ፎቶም አንሺ። ለጎዳና ድመት ስትሰጪ ደግሞ ምግቡን አስቀምጠሽ ዞር በይ፣ በእጅ አታጉርሺ።

ሌላው ስጋት «አንቺ ገደልሽው» መባል ነው። እንስሳው መብላት ሲያቆም ወይም ሲያስመልሰው በዚያው ቀን ለቤተሰቡ በዋትሳፕ ጻፊ፤ መልእክቱ ቀንና ሰዓት ይይዝልሻል። ከሞተ አትደብቂ፣ ለማማ ብቻሽን አትንገሪ። መጀመሪያ ለልጆቻቸው ንገሪ፣ እነሱ ያርዷቸው። ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት ማማ ባዶ ሳህን ይዘው ቢቆሙ አትሳቂ፤ ምግብና እንቅልፋቸውን ተከታተዪ።

እንስሳ መንከባከብም ሥራ ነው

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ከነክፍያው ዕረፍት እንዲኖርሽ ያዛል። የሥራሽ ዓይነት በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ካሳ አለ። ሌሊት ድመት ለማብላት መነሳት፣ ውሻ ይዞ መውጣት፣ ጎጆ ማጠብ ሁሉ ከሥራ ሰዓትሽ ይቆጠራል። «ድመቷን ማን ይይዛታል» ተብሎ የዕረፍት ቀንሽ ከቀረ፣ ቀኑን ጻፊውና በሌላ ቀን እንዲተካ ጠይቂ። ጥያቄውን ከማማ ይልቅ ደመወዝሽን ከሚከፍለው ሰው ጋር ብታነሺው ይሻላል።

አዲስ ቤት ከገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ ላይ እነዚህን ጻፊ፦ እንስሳው ስንት ሰዓት ይበላል፣ ምን ያህል፣ የት ይተኛል፣ ምን ይፈራል፣ ማማ ራሳቸው ማድረግ የሚወዱት የትኛውን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለዪ። ማብላቱን ከወደዱ፣ ቢያፈሱም አንቺ አትንጠቂያቸው፤ ሳህኑን አቀብያቸውና የፈሰሰውን ጥረጊ። ገጹን ከ999ና ከእንስሳት ሐኪሙ ስልክ ጋር ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ዕረፍት ስትወጪ የምትተካሽ ልጅ ትጠቀምበታለች።