ስም ያለው በርሜል

በፈረንሳይ ቡርጎኝ አውራጃ ወይን ጠጅ የሚጠራው በመሬቱ ነው። የየትኛው መንደር፣ አልፎም የየትኛው ማሳ እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚጠጣ ሰው እዚያ እንደ እንግዳ ይቆጠራል። መካከላቸው የእግር መንገድ ብቻ ያለ ሁለት ማሳዎች ሁለት ስምና ሁለት ዋጋ ሊኖራቸው ይችላል፤ ይህ ለዘመናት የዘለቀ የማሳ አከፋፈልም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ የአንዱን ማሳ ወይን ከሌላው ጋር መቀላቀል ለብዙ ቡርጎኛዊ ጥሩ ነገርን ማበላሸት ነው። በዚሁ አውራጃ እምብርት ላይ፣ ቦን በምትባል ትንሽ ከተማ ግን፣ አውቆ የሚቀላቅል፣ የቀላቀለውንም በሰው ስም የሚጠራ አንድ ባለ ወይን አለ። ባለ ወይኑ ሆስፒታል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1443 ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የመቶ ዓመቱ ጦርነት ገና አልተቋጨም። ደመወዝ ያጡ ወታደሮች ገጠሩን ይዘርፋሉ፣ ረሃብና ወረርሽኝም ይፈራረቁበታል። የቡርጎኝ መስፍን የፊሊፕ ቀኝ እጅ የነበረው ቻንስለር ኒኮላ ሮላን ከባለቤቱ ከጊጎን ደ ሳላን ጋር ሆኖ በቦን ለድኾች ሆስፒታል አቋቋመ። መተዳደሪያም እንዲሆነው ከሳላን የጨው ማምረቻ ገቢ በየዓመቱ 1,000 ሊቭር ቆረጠለት። ኦቴል ዲዮ የተባለው ይህ ቤት የመጀመሪያውን በሽተኛ የተቀበለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1452 ነበር።

ሕንፃው ዛሬም እንዳለ ቆሟል። ጣሪያው ባለ ብዙ ቀለም በሆነ የሚያብረቀርቅ ሸክላ የተሸፈነ ነው። ውስጥ 50 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው የድኾች አዳራሽ አለ፤ ቀይ መጋረጃ ያላቸው አልጋዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ በሽተኛው ከተኛበት ሳይነሳ ቅዳሴ እንዲሰማ ጸሎት ቤቱ ጫፉ ላይ ተሠርቷል። በወለሉ ሸክላዎች ላይ የባልና የሚስቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተጠላልፈው ይታያሉ። በጸሎት ቤቱ የነበረው የሮጂር ቫን ደር ቬይደን የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል በአዘቦት ቀን ተዘግቶ ይውልና በእሑድና በበዓል ይከፈት ነበር፤ መካከሉ ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍሳትን ሲመዝን ይታያል። በዚህ ቤት እስከ 1971 ድረስ ሕሙማን ይታከሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕክምናው ወደ ዘመናዊ ሕንፃ ተዛወረ፤ አሮጌው ሙዚየም ሆነ።

ወይኑ የመጣው በስጦታ ነው። በ1457 ጊየሜት ሌቨርኒዬ የተባለች ሴት የወይን ማሳ ለሆስፒታሉ ሰጠች። ከእሷ ወዲህ ባለፉት አምስት መቶ ዓመታት ወራሽ ያጣውም፣ የተፈወሰውም፣ የነፍሱ ነገር ያሳሰበውም ከማሳው እየቆረሰ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ዛሬ ሆስፒታሉ 60 ሄክታር ገደማ የወይን መሬት አለው። ግን መሬቱ አንድ ላይ አይደለም። ከሰሜን ከጌቭሬ ሻምበርታን አንስቶ እስከ ደቡብ እስከ ፑዪ ፉይሴ ድረስ እዚህም እዚያም ተበታትኗል። ሰጪዎቹ የሰጡት ያላቸውን እንጂ ለጠመቃ የሚመቸውን አልነበረምና አንዳንዱ ማሳ ለብቻው ጥቂት በርሜል እንኳ አይሞላም።

መቀላቀሉ የመጣው ከዚህ ነው። የተለያዩ ማሳዎች ፍሬ ተጣምሮ ኩቬ የሚባል አንድ ወይን ይሆናል፤ ለኩቬውም የለጋሽ ወይም የባለውለታ ስም ይወጣለታል። በመሥራቿ ስም የተጠራው ጊጎን ደ ሳላን በተለምዶ ከቦን ሦስት ማሳዎች፣ ከብሬሳንድ፣ ከሱሬና ከሻን ፒሞን የሚመጣ ነው። ዳም ኦስፒታሊየር ለዘመናት በሽተኛ ያስታመሙት እኅቶች መታሰቢያ ነው። ማድሌን ኮሊኞን ደግሞ ቶማስ ኮሊኞን የተባለ ሰው በ1976 በእናቱ ስም ካወረሰው የማዚ ሻምበርታን ማሳ የሚጠመቅ ነው። ለእኔ ወይኑ በየዓመቱ ከሚሸጥበት ሐራጅ ጫጫታ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ የሌላው ቡርጎኝ ወይን አፈሩን ሲያስታውስ የሆስፒታሉ ወይን ሰጪውን ያስታውሳል።

እዚህ የሚቀላቀለው የወይን ዝርያ አይደለም። ቀዩ ሁሉ ፒኖ ኗር፣ ነጩ ሁሉ ሻርዶኔ ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ከመሬቱ ይመጣል፤ ከቁልቁለቱ ከፍታ፣ ከአፈሩ ውፍረት፣ ከሚያገኘው ፀሐይ። አንድ ማሳ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላው ቀናት ይዘገያል፤ ስለዚህ የቱ መቼ ይቆረጥ የሚለው ራሱ የቅልቅሉ የመጀመሪያ ውሳኔ ነው። እያንዳንዱ የሆስፒታሉ ወይን ተካይ የራሱ ማሳዎች አሉት፤ ዓመቱን ሙሉ ይገርዛል፣ ያርማል፣ ይጠብቃል። ከ2015 ጀምሮ የወይን እርሻውና የመጥመቂያው ኃላፊ ሉዲቪን ግሪቮ ናት፤ በዚህ ሥራ ላይ የተሾመች የመጀመሪያዋ ሴት። አየሩ ግን ለማንም አያዳላም። በ2018 ከ800 በላይ በርሜል ለሽያጭ ሲቀርብ፣ የሚያዝያ ውርጭ እንቡጡን ባቃጠለበት በ2021 የቀረበው ከዚያ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ወይኑ የሚሸጥበት በዓል የሚውለው በኖቬምበር ሦስተኛው እሑድ ነው፤ በእኛ ኅዳር ከገባ አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆነው። ሦስት ቀን ይቆያል። ቅዳሜ ታስትቫን የተባለው የወይን ወዳጆች ማኅበር አባላት በክሎ ደ ቩዦ ግንብ ግብር ያበላሉ። ሰኞ በሞርሶ መንደር ፖሌ የሚባለው የመከር መዝጊያ ምሳ አለ፤ ጁል ላፎን በ1923 ያነቃቃው ሲሆን፣ እንግዳው ሁሉ ከራሱ ጓዳ ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ለጎረቤቱ ይቀዳል። በመካከላቸው ያለው እሑድ የሐራጁ ቀን ነው።

ሆስፒታሉ ወይኑን በአደባባይ ሐራጅ መሸጥ የጀመረው በ1859 ነው። ቦታው ከኦቴል ዲዮ ፊት ለፊት ያለው የገበያ አዳራሽ ነው። ለጨረታ የሚቀርበው የተጣራ ወይን አይደለም፤ በመስከረም ተቆርጦ ገና ሁለት ወር ያልዘለለ፣ በበርሜል ያለ ጉሽ ነው። አንዱ በርሜል 228 ሊትር ይይዛል፤ 300 ጠርሙስ ገደማ ማለት ነው። ነጋዴዎቹ ቀድመው ይቀምሳሉ፤ ግን የሚቀምሱት ያለውን ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የሚሆነውን ነው፤ ይህን መገመት ደግሞ የዕድሜ ልክ ልምድ ይጠይቃል። ድሮ ጨረታው የሚዘጋው በሻማ ነበር። ሻማው እስኪጠፋ የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ይወስዳል። ዛሬ ይህ ሥርዓት የቀረው የፕሬዚዳንቶች በርሜል ለተባለው ብቻ ሲሆን፣ ከእሱ የሚገኘው ገንዘብ ለተመረጡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይውላል። በ2022 ይህ አንድ በርሜል በ810,000 ዩሮ ተሽጧል። የቀረው ሽያጭ ለሆስፒታሉ መሣሪያና ለጥንታዊው ሕንፃ እድሳት ነው።

በእኛ ዘንድ በቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጉባኤ ላይ ዳቦ ወይም ጥላ ለጨረታ ሲቀርብ ያየ ሰው የአዳራሹን መንፈስ ለመረዳት አይቸገርም፤ ተጫራቹ ዋጋ የሚጠራው የዕቃውን ሒሳብ ብቻ አስልቶ አይደለም። ስለዚህ የቦን ዋጋ የዓመቱ የቡርጎኝ ገበያ ምልክት ነው ሲባል በጥንቃቄ መስማት ይገባል። አቅጣጫውን ያሳያል፤ ልኩን ግን ልግስናው ከፍ ያደርገዋል።

በ2005 ክሪስቲስ አጫራች ሆኖ ሲገባ በሩ ለግለሰቦችም ሰፋ፤ ከ2021 ጀምሮ ሥራውን የያዘው ሶዝቢስ ነው። ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በርሜል መግዛት ይችላሉ። ይዘውት መሄድ ግን አይችሉም። ወይኑን ቀሪውን ጊዜ በጓዳው አሳድጎ በጠርሙስ የሚሞላው የአካባቢው ነጋዴ ነው። በዚህም የተነሳ ከሆስፒታሉ ሲወጣ አንድ የነበረው ኩቬ፣ በተለያዩ ጓዳዎች ሲያድግ ጣዕሙ ይለያያል፤ አንዱ ነጋዴ ወይኑን በበርሜል ብዙ ያቆየዋል፣ ሌላው ቶሎ ይሞላዋል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ወረቀት ሲያነቡ ከለጋሹ ስም ዝቅ ብሎ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የአሳዳጊውን ስም መመልከት ያሻል። ከሁለት ጓዳ የወጡ ሁለት ጊጎን ደ ሳላን ጎን ለጎን ከተቀዱ ልዩነቱን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።