ብረት ብቻችሁን ለምትገፉ፦ ደረት ላይ ተቀምጦ እምቢ ሲል

ዛሬ ስለ ስኳርም ስለ ደም ግፊትም አላወራም። ወሬያችን ስለ ቤንች ፕሬስ ነው፤ በጀርባ ተኝቶ ከደረት ወደ ላይ ብረት መግፋት ማለት ነው። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ብቻችሁን ለምትገፉ።

ባለፈው ለለቅሶ ወደ አሊዩ አምባ ወርጄ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ላይ ጃኬት ለብሳችሁ ትነሳላችሁ፣ ታች ስትደርሱ ሸሚዙም ይከብዳችኋል። ባረፍኩበት ቤት ጓሮ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ብረት ይገፋል። ብረቱ የውሃ ቧንቧ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ በቀለም ባልዲ የተሞላ ኮንክሪት። ታናናሾቹ እንዳይረብሹት በሩን ከውስጥ ቀርቅሯል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ብጠራው ብጠራው አይሰማም። በሩን ደብድቤ ነው የከፈተልኝ።

"ስንት ኪሎ ነው?" አልኩት።

"አርባ ትሆናለች ጋሼ።"

እስቲ እናስላው። ከአሸዋና ከጠጠር ጋር የተቦካ ሲሚንቶ ሲደርቅ አንዱ ሊትር 2.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ሙሉ ከሆነ 23 ኪሎ፣ ሁለቱ 46። ቧንቧው ሲጨመር ከ50 ያልፋል። ሚዛን ተውሰን ስንመዝነው 54 ወጣ። አንዱ ጫፍም ከሌላው በ3 ኪሎ ይበልጣል። "ለካ ለዚህ ነው ግራ እጄ ቀድሞ የሚደክመው!" አለኝ። የሰፈር ብረት የመጀመሪያ ችግሩ ይሄ ነው፤ ክብደቱ አልተጻፈበትም።

እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። ተማሪ እያለሁ 60 ኪሎ ደረቴ ላይ ተቀምጦብኝ ያውቃል። "አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም" ብዬ ነው። ለመጮህ ስሞክር የወጣው ድምፅ የድመት ድምፅ ነበር። የዶርም ጓደኛዬ ፎጣ ረስቶ ባይመለስ ኖሮ ምን እንደሚሆን እንጃ።

ለምን አልጮህኩም? መጮህ አየር ይፈልጋል። ብረቱ ደረት ላይ ሲያርፍ የጎድን አጥንቶች እንደልባቸው አይከፈቱም፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታስገቡት አየር ያንሳል። ተንሸራትቶ አንገት ላይ ከወደቀ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሁለቱ ትላልቅ የደም ስሮች በደንብ ከተጫኑ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። አንጎል ያለ ኦክስጅን አራት አምስት ደቂቃ ከቆየ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ሆስፒታል ቅርብ ነው" የሚለው አያጽናናም። ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል በር ላይ ብትኖሩም በሩ ከተቆለፈ ማንም በሰዓቱ አይደርስላችሁም።

አንድ የታወቀ ምሳሌ ልንገራችሁ። መስከረም 2009 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስታፎን ጆንሰን የሚባል የኮሌጅ አሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች 125 ኪሎ ገደማ ሲገፋ ብረቱ ከእጁ አምልጦ ጉሮሮው ላይ ወደቀ። ለሰዓታት የቆየ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ተረፈ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ሰው ባለበት፣ ዩኒቨርሲቲ ጂም ውስጥ ነው።

ጂም ውስጥ የሚሰጠውን ምክር ሰምታችሁ ይሆናል፦ "ብቻህን ከሆንክ የብረቱን ጫፍ አትቆልፍ፤ ካቃተህ ወደ አንድ ጎን አዘንብለውና ዲስኩ ይውደቅ።" ለዲስክ ትክክል ነው፤ አንዱ ጎን ሲራገፍ ሌላው ጎን በኃይል እንደሚገለበጥ ግን አትርሱ። ለኮንክሪት ብረት ግን ይህ ምክር አይሰራም! ባልዲው ቧንቧው ላይ ደርቋል፣ የትም አይሄድም። ብረቱን በሆድ ላይ ወደ ዳሌ አንከባሎ ቁጭ ማለትም ይቻላል፤ ቀላል ሲሆን ያስኬዳል፣ ሲከብድ ግን ሆድ ዕቃን ይጎዳል።

የሚያድነው ከስር የሚቀበል ነገር ነው። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ በአግዳሚው ግራና ቀኝ የሚቆሙ ሁለት ጠንካራ መደገፊያዎች አሰሩ። ቁመታቸው ወሳኝ ነው፤ ተኝታችሁ ደረታችሁን ነፍታችሁ ብረቱ ደረት ሲነካ፣ መደገፊያው ከብረቱ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። ሲያቅታችሁ ትንፋሽ አውጥታችሁ ደረታችሁን ታወርዱታላችሁ፣ ብረቱ መደገፊያው ላይ ያርፋል። አንገት ከደረት ዝቅ ስለሚል እሱም ይተርፋል። መጀመሪያ በባዶ ቧንቧ ሞክሩት። ብሎኬት ደርድሮ መደገፊያ ማድረግ ግን አይሆንም፤ ውስጡ ክፍት ነው፣ በድንገት ሲመታ ይሰበራል።

"መሬት ላይ ተኝቼ ብገፋስ?" አለኝ ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ክርን መሬት ስለሚነካ ደክሞ ማረፍ ይቻላል። ከእጅ ካመለጠ ግን ስሌቱ የባልዲው ስፋት ነው። የውድድር ዲስክ ስፋቱ 45 ሳንቲሜትር ስለሆነ ብረቱ ከመሬት 22 ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፣ አንገት ያልፋል። የእሱ ባልዲ ግን 25 ቢሆን ነው፣ ብረቱ የሚቆመው 12 ላይ። የአንገታችሁ ውፍረት ከዚያ ብዙም አያንስም።

መደገፊያ እስኪሰራ ድረስ በዳምቤል ወይም ቦርሳ አዝላችሁ ፑሽአፕ ስሩ። ፑሽአፕ ሲያቅታችሁ የሚነካችሁ መሬት ነው።

ሰው ካለ ደግሞ ጥሩ። አሊዩ አምባ ከታጁራ የሚመጣው የሲራራ ንግድ ይደርስበት የነበረ የድሮ ገበያ ነው፤ ዛሬም እዚያ አህያ ሲጫን አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ነው። "ስፖት አድርገኝ" ማለትም ያው ነው። ታናሽ ወንድም ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ብረት ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም እናንተም እየገፋችሁ ስለሆነ የጎደለው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንደምትገፉ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ስልኩን ያስቀምጥ።

አውራ ጣታችሁ ብረቱን ይዙር። አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ወገን ማድረግ ለእጅ አንጓ ይመቻል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ በቆላ ሙቀት ያላበ እጅ ላይ ደግሞ ጭራሽ። በጾም ሰዓት፣ ረመዳንም ሁዳዴም ቢሆን፣ ውሃ ሳይጠጡ ከባድ መሞከር ይቅር።

አንገቱ ላይ ብረት የወደቀበት ሰው ካገኛችሁ ብረቱን አንሱለት፣ አንገቱን አታንቀሳቅሱ፣ 907 ደውሉ። ካልተነፈሰ ደረቱ መሀል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር እያጎደጎዳችሁ ተጫኑ። ተነስቶ "ደህና ነኝ" ቢልም ድምፁ ከሻከረ፣ ደም ከተፋ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም አንገቱ ካበጠ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። የማንቁርት እብጠት ቀስ ብሎ፣ ከሰዓታት በኋላም ቢሆን የአየር መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

ልጁ ከሳምንት በኋላ ፎቶ ላከልኝ። መደገፊያዎቹ ተበይደዋል፣ ቀለም ሁሉ ተቀብተዋል። ግን ከአግዳሚው እኩል ናቸው፣ ብረቱ ቢወድቅ አንገቱን ካለፈ በኋላ ነው የሚይዙት። ደውዬ "ቁመቱን ጨምር" አልኩት።

"ብየዳው እንደገና ሊከፈልበት ነው ጋሼ?"

"አዎ፣ እንደገና።"