«መክሸፍ» ለሞተር፦ ስለ አንድ ስያሜ

«ሚስፋየር» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል «እሳት ማጣት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ጥፋቱን ከጅምሩ በካንዴላው ላይ ያላክካል። ዳሩ ግን በሲሊንደር ውስጥ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በወጉ ሳይቀጣጠል የሚቀረው ብልጭታ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑ ሲያንስ ወይም ሲበዛ፣ ቫልቩም ሲያሾልክ ነው። አማርኛ ለዚህ የቆየ ቃል አለው፤ ጥይት ሳይተኩስ ሲቀር «ከሸፈ» እንላለን። ቃሉ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

በሥራ ላይ እንፈትነው። አዊኛም አማርኛም በሚነገርባት በአዘና የአንድ አሮጌ ባለካርቡራቶር ፒክአፕ ሞተር እየተቆራረጠ አስቸገረ እንበል። መካኒኩ ሞተሩን በዝግታ እያሠራ የካንዴላ ገመዶቹን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መሣሪያ ተራ በተራ ይነቅላል፤ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠለት ሲሊንደር የከሸፈው እርሱ ነው። ከዚያ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጣል፤ ክሽፈቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ ካልሄደ ግን ገመዱ፣ የዲስትሪቡተሩ ክዳን፣ ቀጥሎም እመቃው ይመረመራል። ደረቅ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ ብዙውን ጊዜ የቤንዚን መብዛትን ያመለክታል፤ በደጋ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ይህ በካርቡራቶር ሞተር ይብሳል። ዘይት የነካው ከሆነ የፒስተን ቀለበት መበላት ያጠራጥራል።

«ካንዴላ» ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፍችውም ሻማ። ጋራዡ ስላጸደቀው ምትክ መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስለናል። «ክሽፈት» ግን ለዕቅድም ለሤራም ስለሚውል፣ በመዝገበ ቃላት «የሲሊንደር ክሽፈት» ተብሎ ቢገባ ይሻላል።