ክሩዘርና ስፖርት፤ የሁለት ሞተር ብስክሌቶች ንጽጽር

የቀድሞ ሰው የሚጓዝበትን እንስሳ ከመምረጡ በፊት የሚሄድበትን መንገድ ያስብ ነበር። አቀበትና ቁልቁለት የበዛበትን ረጅም ጉዞ ለመሄድ በቅሎ ትመረጥ ነበር፤ እርምጃዋ የለዘበ፣ ጀርባዋ የተደላደለ፣ ድካምን የምትችል ናትና። ለጦርና ለጉግሥ ግን የሚመረጠው ፈረስ ነበር፤ ፈጥኖ ይነሣል፣ እንደ ነጂው ፈቃድ ይታጠፋል። ስለዚህ «ፈረስ ይሻላል ወይስ በቅሎ?» ተብሎ የተጠየቀ አስተዋይ ሰው አስቀድሞ «ለምን ሥራ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይኸው ጥያቄ በዘመናችን በሞተር ብስክሌት ወዳጆች ዘንድ ይነሣል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ለሥራ ብቻ ሳይሆን ለመንፈሳቸው ደስታ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም መካከል ገሚሶቹ ክሩዘር የተባለውን፣ ገሚሶቹ ደግሞ የስፖርት ሞተር ብስክሌት የተባለውን ይመርጣሉ። የክሩዘር ወዳጅ «ያንተ መኪና ወገብ ይሰብራል፤ መንገዱንም ሳታየው ያልፍሃል» ይላል። የስፖርት ወዳጅ ደግሞ «ያንተ ጭነት እንጂ ሞተር ብስክሌት አይደለም፤ ኩርባ ሲመጣ ጉዱ ይታያል» ሲል ይመልሳል። ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው እውነት አለው? ይህን ለመመለስ የሁለቱን አመጣጥ፣ አሠራርና ጠባይ በየተራ እንመልከት። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቤንዚን ሞተር የሚንቀሳቀስ የመጀመሪያው ባለሁለት እግር ተሽከርካሪ የተሠራው በ1885 በጀርመን አገር ነው። ሠሪዎቹ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ ሲሆኑ፣ አካሉ ከእንጨት የተሠራ፣ የሞተሩም ጉልበት ከአንድ ፈረስ ጉልበት ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ክሩዘርም ስፖርትም የሚባል ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱን የፈጠሩት ከዚያ በኋላ የመጡት ነጂዎችና የተነዱባቸው መንገዶች ናቸው።

የክሩዘር አገሩ አሜሪካ ነው። በ1903 በሚልዎኪ ከተማ ሥራውን የጀመረው የሃርሊ ዴቪድሰን ኩባንያ ሁለት ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው የቆሙበትን ሞተር በ1909 አወጣ። ይህ ዓይነት ሞተር ከዚያ ወዲህ የኩባንያው መለያ ሆኖ ቆየ። የአሜሪካ መንገድ በብዙ ስፍራ ቀጥ ያለና እጅግ ረጅም ነው። ነጂው ከከተማ ወደ ከተማ ለመድረስ መቶዎች ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ጉዞ የተፈለገው ሳያጣድፍ፣ ሳያደክም የሚሄድ፣ ነጂው ቀና ብሎ አካባቢውን እያየ የሚጓዝበት ሞተር ብስክሌት ነበር።

የስፖርት ሞተር ብስክሌት ሥር መሠረት ግን የእሽቅድምድም ሜዳ ነው። ማን ደሴት በተባለችው በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል በምትገኝ ደሴት ከ1907 ጀምሮ የሞተር ብስክሌት ውድድር ይካሄዳል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ የእንግሊዝ ወጣቶች በሎንዶን ኤስ ካፌን በመሳሰሉ ቡና ቤቶች እየተሰበሰቡ መኪናቸውን እንደ ተወዳዳሪ መኪና ማስተካከል ጀመሩ። መሪውን ዝቅ አደረጉ፤ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ አዛወሩ፤ የማያስፈልገውን ክብደት ሁሉ አወለቁ። ዓላማቸውም በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ነበር። ከዚያ በኋላ ጃፓኖች ተነሡ። ሆንዳ በ1969 ለገበያ ያቀረበው ሲቢ 750 አራት ሲሊንደሮችና በፊት ጎማው ላይ የዲስክ ፍሬን ነበረው። በ1985 ሱዙኪ ያወጣው ጂኤስኤክስ-አር 750 ደግሞ ከአሉሚኒየም የተሠራ አጽም የለበሰ፣ በቅርጹም በጠባዩም የውድድር ሜዳ መኪናን የሚመስል ነበር። እንግዲህ በሜዳ ይሮጥ የነበረው መኪና ሰሌዳ ተለጥፎለት ወደ ጎዳና ወጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ አካላቸው እንለፍ። በክሩዘር ላይ የተቀመጠ ሰው በወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ መሪው ከፍ ብሎ ወደ ነጂው የቀረበ፣ የእግር ማሳረፊያውም ወደ ፊት የተዘረጋ ነው። በስፖርት ሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ግን በፈረስ ጋማ ላይ እንደ ተደፋ ጋላቢ ነው። ኮርቻው ከፍ ይላል፤ መሪው ዝቅ ይላል፤ እግሮቹ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ ደረቱም በቤንዚን ማጠራቀሚያው ላይ ይጋደማል። ከዚህም የተነሣ ነፋስ ሁለቱን ነጂዎች በልዩ ልዩ መንገድ ይገጥማቸዋል። ክሩዘር ነጂው ቀና ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ደረቱ እንደ ጀልባ ሸራ ይሆንና ነፋሱን ሁሉ ይቀበላል። የስፖርቱ ነጂ ከመስተዋቱ ጀርባ ስለሚያጎነብስ ነፋሱ በላዩ ያልፋል። በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የስፖርቱ ነጂ የሰውነቱ ክብደት በእጅ አንጓዎቹ ላይ ስለሚያርፍ ቶሎ ይደክማል፤ ክሩዘር ነጂው ደግሞ እንደ ተደላደለ ይቆያል።

የሞተራቸው ልዩነት ከአካላቸው ልዩነት የበለጠ ነው። ለምሳሌ ከ2018 ጀምሮ የተሠራውን የሃርሊ ዴቪድሰን ፋት ቦይ 114 እና የ2017ን ያማሃ አር 6 እናወዳድር። የፋት ቦይ ሞተር ስፋት 1,868 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን የአር 6 ሞተር 599 ብቻ ነው። ፋት ቦይ 317 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ አር 6 ደግሞ 190 ኪሎ ግራም ያህል። የፋት ቦይ ሞተር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ ጉልበቱም በዚያው መጠን የሚበልጥ ይመስላል። ነገር ግን የፋት ቦይ ከፍተኛ ጉልበት 94 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲሆን የትንሹ የአር 6 ጉልበት 117 ይደርሳል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ምሥጢሩ በሁለት ነገሮች ልዩነት ላይ ነው። አንደኛው ቶርክ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ብርታት ነው። ሁለተኛው ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። የፈረስ ጉልበት የሚባለው የሁለቱ ብዜት ውጤት ነው። ፋት ቦይ 155 ኒውተን ሜትር ያህል ቶርክ ይሰጣል፤ ይህንንም የሚሰጠው ገና በደቂቃ 3,000 ዙር ያህል ሲዞር ነው። አር 6 ግን ቶርኩ ከ62 ኒውተን ሜትር አይበልጥም፤ ሆኖም በደቂቃ እስከ 14,500 ዙርና ከዚያም በላይ መዞር ይችላል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ የመጀመሪያው በዝግታ እየተራመደ ከባድ ሸክም እንደሚያነሣ ጎልማሳ ነው፤ ሁለተኛው ቀላል ሸክም ይዞ ሳያቋርጥ እንደሚመላለስ ወጣት ነው። በቀኑ መጨረሻ ወጣቱ ብዙ ሸክም አድርሶ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ሲሮጥ መዋል አለበት። ስለዚህ ክሩዘር ነጂ ማርሽ ሳያበዛ በእርጋታ ይጓዛል፤ የስፖርቱ ነጂ ግን የመኪናውን ጉልበት ለማግኘት ሞተሩን ማስጮኽ ይኖርበታል።

ድምፃቸውም ይለያያል። በሃርሊው ሞተር ውስጥ ሁለቱም ፒስተኖች የሚገፉት አንድ የጋራ ክንድ ስለሆነ፣ ፍንዳታዎቹ በእኩል ጊዜ አይፈራረቁም። ስለዚህ ድምፁ እንደ ነጋሪት የሚቆራረጥ ነው። ኩባንያው ይህን ድምፅ በ1994 በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር፤ ከረጅም ክርክር በኋላ ግን በ2000 ማመልከቻውን ተወ።

ወደ ኩርባ ስንመጣ የስፖርቱ ብልጫ ጎልቶ ይታያል። ሞተር ብስክሌት ኩርባ የሚዞረው ወደ ጎን በመዘንበል ነው። ብዙዎቹ ክሩዘሮች ዝቅ ብለው ስለተሠሩ ከ30 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲዘነበሉ የእግር ማሳረፊያቸው አስፋልቱን ይፍቃል። የስፖርቱ ግን ከ45 ዲግሪ በላይ ሊዘነበል ይችላል። ይህን በቁጥር ብናሰላው፣ ከመሐል እስከ ጠርዝ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ 30 ዲግሪ የተዘነበለው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 45 ዲግሪ የተዘነበለው ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። በአንጻሩ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በፋት ቦይ 166 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ በአር 6 ደግሞ 137 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ረጅሙ በቀጥታ መንገድ ሳይናወጥ ይሄዳል፤ አጭሩ ቶሎ ይታጠፋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሁለቱም ወዳጆች ስለ ራሳቸው መኪና የተናገሩት እውነት መሆኑን ነው። ስሕተታቸው ያለው ሌላውን በራሳቸው መመዘኛ በመመዘናቸው ነው። በፍጥነት ለሚመዝን ክሩዘር ደካማ ነው፤ በምቾት ለሚመዝን ስፖርቱ ደካማ ነው። መመዘኛው አንድ ብቻ ሲሆን ንጽጽር ወደ ከንቱ ፉክክር ይለወጣል። ፋብሪካዎቹም ይህን ከራሳቸው ታሪክ ተምረዋል። በ1999 ሱዙኪ ያወጣው ሃያቡሳ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አለፈ። ተፎካካሪዎቹ ከዚያ የበለጠ ለመሥራት ሲነሡ፣ መንግሥታት ሕግ እንዳያወጡባቸው በመስጋት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፍጥነቱን ከ300 በታች ለመገደብ ተስማሙ።

ይሁን እንጂ ለክሩዘርም ለስፖርትም የማያዳላ አንድ ሕግ አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ጥሩ ፍሬን በደረቅ አስፋልት ላይ ከፍጥነቱ በየሰኮንዱ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ይቀንሳል እንበል። በ50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ፍሬን ከያዘ በኋላ በ14 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በ100 ኪሎ ሜትር የሚነዳው 55 ሜትር፣ በ200 የሚነዳው ደግሞ 220 ሜትር ያስፈልገዋል። አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሰኮንድ ቢያልፍ፣ በ200 የሚነዳው ገና ፍሬን ሳይነካ 55 ሜትር ይሄዳል።

የዚህ ሕግ ዋጋ የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2007 ባወጣው ዘገባ፣ ከተመዘገቡት መኪናዎች ብዛት አንጻር ሲታይ ሱፐር ስፖርት የሚባሉትን የሚነዱ ሰዎች የሞት መጠን ሌሎቹን ከሚነዱት አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ለሜዳ የተሠራ መኪና በጎዳና ላይ ነጂውን ይፈትነዋልና። ይህ ማለት ግን ክሩዘር ነጂ ከአደጋ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመሩትና በ1981 ይፋ የሆነው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ ከ900 የሚበልጡ አደጋዎችን መርምሯል። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረጉ ግጭቶች ነበሩ፤ ከእነዚህም በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነፈገው የሌላው ተሽከርካሪ ሾፌር ነበር። ብዙዎቹ ሾፌሮች ሞተር ብስክሌቱን አላዩትም፤ ወይም ያዩት ዘግይተው ነው። ከተመረመሩት ነጂዎች ግማሽ ያህሉ አደጋው ሊደርስባቸው ሲል ይነዱ የነበረው በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህልም መንዳትን የተማሩት በራሳቸው፣ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ እንጂ በትምህርት ቤት አልነበረም። የራስ ቁር ያደረጉት ከራስ ጉዳት በእጅጉ ተርፈዋል።

እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከመኪናው ይልቅ በነጂውና በመንገዱ ላይ ነው። ረጅም ቀጥተኛ ጎዳና ለሚጓዝ ክሩዘር ይመቸዋል። በውድድር ሜዳ ችሎታውን ለሚፈትን ስፖርቱ ይስማማዋል። የራስ ቁር የሌለው፣ ያልተማረና ፍጥነቱን ከመንገዱ ጋር የማያመዛዝን ነጂን ግን ሁለቱም አያድኑትም። በቅሎም ሆነ ፈረስ የሚያዘው ልጓሙን የያዘው እጅ ነው።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ምንባቡን በበቅሎና በፈረስ የጀመረው ለምንድን ነው?
2. «ሰፊ ሞተር ሁልጊዜ የበለጠ የፈረስ ጉልበት አለው» የሚለው አባባል ስሕተት መሆኑን ከምንባቡ ማስረጃ ጠቅሳችሁ አስረዱ።
3. በምንባቡ ውስጥ ንጽጽርን የሚያመለክቱ እንደ «ደግሞ»፣ «በአንጻሩ»፣ «ይልቅ» ያሉ ቃላትን ፈልጋችሁ በአዲስ ዓረፍተ ነገር ተጠቀሙባቸው።
4. ለልዩ ልዩ ሥራ የተሠሩ ሁለት መሣሪያዎችን መርጣችሁ፣ ከአንድ በላይ በሆነ መመዘኛ በሦስት አንቀጽ አነጻጽሩ።