የተጣመመ አከርካሪ ከመቃናቱ በፊት አንጎል ለምን ይመረመራል?

የአንዲት ታዳጊ አንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ ሲል ወይም ስታጎነብስ የጀርባዋ አንድ ጎን ጎላ ብሎ ሲታይ፣ ቤተሰብ ችግሩ የአጥንት ብቻ ይመስለዋል።

ስኮሊዮሲስ የሚባለው ይህ የአከርካሪ መጣመም በጉርምስና ዕድሜ ሲከሰት መንስኤው በአብዛኛው አይታወቅም። በጥቂቶች ላይ ግን የችግሩ መነሻ ያለው ከራስ ቅል ሥር ነው።

መነሻው ኪያሪ የተሰኘ የአፈጣጠር ችግር ሊሆን ይችላል። ስያሜው የተገኘው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1891 ስለ ጉዳዩ ከጻፈው ኦስትሪያዊ ሐኪም ሃንስ ኪያሪ ነው።

በአንደኛው ዓይነት ኪያሪ፣ ትንሹ አንጎል ተብሎ የሚጠራው ክፍል የታችኛው ጫፍ በራስ ቅል ግርጌ ባለው ቀዳዳ በኩል ወደ አንገት ይወርዳል። መለኪያው በአብዛኛው 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው።

ቀዳዳው ሲጠብ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ ዝውውር ይታወካል። በህብለ ሰረሰሩ ውስጥም ፈሳሽ የቋጠረ ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። ይህ የጀርባ ጡንቻዎችን የሚያዙ ነርቮችን በመጉዳት አከርካሪውን እንደሚያጣምም ይታመናል።

ሲያስሉ የሚብስ የራስ ምታት፣ የእጅ መዛል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜን መለየት አለመቻል እንዲሁም በደረት አካባቢ እንደተለመደው ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ መጣመም የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ሐኪሞች የአንጎልና የመላውን አከርካሪ የኤምአርአይ ምርመራ ያዛሉ።

አከርካሪን በብረት ዘንግና ብሎን ማቃናት ህብለ ሰረሰርን ሊወጥር ስለሚችል ምርመራው ወሳኝ ነው። ቀድሞውኑ የታፈነ ህብለ ሰረሰር ውጥረቱን ካልተቋቋመ ታካሚው ሽባ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የተለመደው አካሄድ በቅድሚያ ከራስ ቅል ግርጌ ጥቂት አጥንት አንስቶ ቦታውን ማስፋት ነው። መጠነኛ መጣመም ባለባቸው ትንንሽ ልጆች ላይ ይህ ብቻውን መጣመሙን ሊገታ ወይም ሊያሻሽል ይችላል። መጣመማቸው ከ50 ዲግሪ በላይ የሆነ ታዳጊዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወራት በኋላ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

ለተመረጡ ታካሚዎች ሁለቱም በአንድ ሰመመን ሊከናወኑ ይችላሉ። ይህ ዳግም ሆስፒታል መተኛትን ያስቀራል፤ በአንጻሩ ቀዶ ሕክምናው ይረዝማል፣ የሚፈሰው ደምም ይጨምራል። በሂደቱ የነርቮች ምላሽ በመሣሪያ ይከታተላል።

ከባድ የአከርካሪ መጣመም ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ታዳጊዎች ለቀዶ ሕክምና እስከ ጋና መዲና አክራ ድረስ ሲጓዙ ቆይተዋል። የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ለታዩባቸው ግን ከጉዞውም ሆነ ከቀዶ ሕክምናው መቅደም ያለበት የኤምአርአይ ምርመራው ነው።